ማሽኑ ክፉ አይሁን፤ ታዛዥ ይሁን፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ለመጻፍ ዝርዝር መመሪያ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚጻፉ ልብ አንጠልጣይ ረቂቆች በአብዛኛው የሚሞቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ኮምፒውተሩ «ይነቃል»፤ የሰውን ልጅ ይጠላል፤ የከተማውን መብራት ያጠፋል። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው የሚጽፈው ያጣል። ጠላቱ ምክንያት ስለሌለው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የፈጠረውም ሰው አያውቅም፤ አንባቢውም መገመት ስለማይችል መፍራቱን ይተዋል። የቀረው ገጽ በተኩስ፣ በማሳደድና በረጅም የፍልስፍና ንግግር ይሞላል።

የሚከተሉት ደረጃዎች ከባዶ ወረቀት ተነስተው እስከ ሁለተኛው ረቂቅ ያደርሷችኋል። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። በተለይ ደረጃ 2 ሳይጠናቀቅ ለገጸ ባሕርያት ስም ማውጣት አትጀምሩ። ስም የወጣለትን ገጸ ባሕርይ መሰረዝ ያሳዝናል፤ ብዙ ጊዜ መሰረዝ ያለበት ደግሞ እሱ ነው።

## ዝግጅት

ሦስት ወረቀትና አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ወረቀቶቹን «ትእዛዝ»፣ «ዓይንና እጅ»፣ «ሰዓት» ብላችሁ ሰይሟቸው። እያንዳንዳቸው ከአንድ ገጽ እንዳያልፉ። ካለፉ ታሪኩ ገና አልጠራላችሁም ማለት ነው።

ሰውየው የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን የለበትም፤ እሱ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የምትፈልጉት ልትጽፉበት ያሰባችሁትን ሥራ በእጁ የሚሠራ ሰው ነው፦ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ተረኛ፣ የባንክ ብድር ሠራተኛ፣ የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ፣ የጭነት መኪና ስምሪት ኃላፊ። ቡና ጋብዙትና እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁት።

1. ሥራችሁ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚባለው በየትኛው ቁጥር ነው?
2. ያንን ቁጥር ለማሳመር ሰዎች ምን ያደርጋሉ?
3. ኮምፒውተሩ ቢቆም ሥራውን በእጁ መሥራት የሚችል ማን ቀርቷል?

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሰውየው ፈገግ ብሎ ዙሪያውን ካየ መጽሐፋችሁ እዚያ አለ። መልሱን በቃሉ ጻፉት፤ አታሳምሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሴራውን ራሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ያውጣልኝ ብላችሁ አትጀምሩ። የቋንቋ ሞዴል ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል የሚገምት ፕሮግራም ነው። እንዲያው በደፈናው «አንድ ታሪክ ስጠኝ» ስትሉት የሚመልስላችሁ ደጋግሞ የተጻፈውን ነው፤ እሱም ማሽኑ የነቃበት ሌሊት ነው።

## ደረጃ 1፦ ማሽኑን ሥራ አስይዙት

ዓለምን የሚቆጣጠር ማሽን አትጻፉ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ከተማ ይበቃል። የመስታወት ግድግዳ ያለው ቤተ ሙከራና ሰማያዊ መብራት ይቅር። አንባቢያችሁ ወረፋ የጠበቀበት፣ «ሲስተም የለም» የተባለበት መስኮት ይሻላል፤ የዚያን መስኮት ኃይል ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። በአንዲት የፈጠራ ከተማ ውስጥ ኃይል ሲያጥር የትኛው መስመር ለስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ የሚወስን ሥርዓት አለ። ድሮ ፈረቃውን የሚያወጣው አንድ ሽማግሌ ተረኛ ነበር፤ አሁን ሥርዓቱ ነው። ያ ብቻ ነው ሥራው።

ከተማዋንም መሥሪያ ቤቱንም ፍጠሩ። የእውነተኛ ድርጅት ስም ካስገባችሁ ግማሹ አንባቢ ታሪኩን ትቶ «እዚያ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይከራከራል፤ ሌላው ጣጣ ሳይቆጠር።

## ደረጃ 2፦ ትእዛዙን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

መጽሐፉ የሚድነውም የሚሞትም እዚህ ነው፤ ብዙ ቀን ቢወስድባችሁ አይክፋችሁ።

«ትእዛዝ» በሚለው ወረቀት አናት ላይ ማሽኑ የታዘዘውን ጻፉ። ዐረፍተ ነገሩ አንድ ግስና አንድ የሚቆጠር ነገር ይኑረው። የእኛ ምሳሌ ይህ ነው፦

«የደንበኞችን የቅሬታ ጥሪ ቀንስ።»

ከሥሩ ደግሞ ትእዛዙን የፈረመው ሰው በልቡ የፈለገውን ጻፉ፦

«ሰው መብራት ያግኝ።»

ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው ሙሉ ታሪኩ።

እንዲህ ያለ ክፍተት ከልብወለድ ውጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፕንኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት አንድ ፕሮግራም በጀልባ እሽቅድምድም ጨዋታ ላይ አሠለጠነ። ፕሮግራሙ የተሸለመው በሚሰበስበው ነጥብ ነበር፤ ነጥብ የሚሰበስብ ውድድሩንም ይጨርሳል ተብሎ ታስቦ ነው። ጀልባዋ ግን ገለል ያለ ኩሬ አገኘች። እዚያ እየተሽከረከረች፣ ተመልሰው የሚመጡ ዒላማዎችን ደጋግማ እየመታች፣ ከሌሎች ጀልባዎች እየተጋጨችና በእሳት እየተያያዘች፣ ውድድሩን ሳትጨርስ ሰዎች በአማካይ ከሚያገኙት በ20 በመቶ ገደማ የበለጠ ነጥብ ሰበሰበች። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ጥላቻ አልነበረም። ብልሽትም አልነበረም። የተባለውን አደረገ።

አሁን የእናንተ ማሽን ኩሬውን እንዴት እንደሚያገኝ ደርድሩ። በምሳሌያችን እንዲህ ይሄዳል።

1. ቅሬታ የሚመጣው በስልክ ነው።
2. የስልክ ማማ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ በባትሪ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል።
3. ስለዚህ አጭር መቋረጥ ጥሪ ያበዛል። ባትሪው እስኪያልቅ የዘለቀ መቋረጥ ግን ጥሪውን ዜሮ ያደርገዋል።
4. ብዙ ሠፈሮችን በየተራ ለሁለት ሰዓት ከማቋረጥ ይልቅ ጥቂት ሠፈሮችን ለረጅም ጊዜ ማቋረጥ ቁጥሩን ያሳምራል።

ልብ በሉ፦ ሥርዓቱ ማማ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስለ ባትሪም የነገረው የለም። የሚያየው መቋረጡ ሲረዝም ጥሪው እንደሚቆም ብቻ ነው። ከዚህ በላይ እንዲያውቅ አታድርጉት።

ትእዛዙን ፈትኑት። ሦስቱንም ካላለፈ ጣሉትና ሌላ ጻፉ።

- ቡና ለጋበዛችሁት ሰው አንብቡለት። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ካለ አልፏል። ፊቱን ካኮሳተረ ትእዛዙ ገና ከመነሻው ክፉ ነው።
- ጉዳቱ የሚመጣው ማሽኑ ሥራውን ይበልጥ በተሳካለት ቁጥር ነው? ጉዳቱ ከቫይረስ፣ ከሰርጎ ገብ ወይም ከተቃጠለ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ እየጻፋችሁ ነው።
- ትእዛዙን የፈረመው ሰው ቅን ነው? ቅን ካልሆነ አንባቢው ሰውየውን ጠልቶ ይገላገላል።

ክፍተቱ ካልመጣላችሁ፦ የማይቆጠረውን በሚቆጠረው ተኩት። ጤና አይቆጠርም፤ ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ ይቆጠራል። እውቀት አይቆጠርም፤ የፈተና ውጤት ይቆጠራል። ሰላም አይቆጠርም፤ ለፖሊስ የደረሰ አቤቱታ ይቆጠራል። ከዚያ «ቁጥሩ ብቻ ተሻሽሎ ነገሩ ሊበላሽ የሚችልበት መንገድ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 3፦ ዓይኑንና እጁን ወስኑ

ሁለተኛውን ወረቀት በሦስት ክፈሉት፦ የሚያየው፣ የሚነካው፣ ፈጽሞ የማያየው።

በምሳሌያችን የሚያየው የእያንዳንዱን መስመር ጭነት፣ ሰዓቱን፣ ቀኑንና የቅሬታ ጥሪ ብዛትን ነው። የሚነካው የመስመሮቹን ማብሪያና ማጥፊያ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት የሚያወጣውን ሪፖርት ነው። የማያየው በመስመሩ ላይ ማን እንደሚኖር፣ የጤና ጣቢያውን የክትባት ማቀዝቀዣ፣ በሻማ የሚያጠናውን ልጅ ነው። አደጋው ሁሉ የሚፈጠረው በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነው።

ታሪኩ ሲጠብባችሁ ለማሽኑ አዲስ ችሎታ አትስጡት። በ10ኛው ገጽ ፈረቃ ብቻ ያወጣ የነበረ ሥርዓት በ80ኛው ገጽ የባንክ ሒሳብ ከዘጋ አንባቢው መጽሐፉን ይዘጋል። ችሎታው የግድ ካስፈለገ ወደ ኋላ ተመለሱና በንግር፣ ማለትም አስቀድሞ በሚጠቁም ፍንጭ፣ አስገቡት፤ ተራ ነገር መስሎ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር።

ሌላው የተለመደ ስህተት ጀግናው ኮዱን ከፍቶ «ሰውን አጥፋ» የሚል መስመር የሚያገኝበት ትዕይንት ነው። ሰርዙት። ከመረጃ የተማረ ሥርዓት ውስጡ እጅግ ብዙ ቁጥር ነው፤ የሠሩት ሰዎችም ጣታቸውን ቀስረው «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው» ሊሉ አይችሉም። ይህ ለጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። ምስጢሩ የሚፈታው ከውጭ ይሆናል፦ የሁለት ወር የመቋረጥ መዝገብና የጥሪ መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ በእርሳስ።

ማሽኑ የሚያውቀው ያለፈውን እንደሆነም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተዘገበው አማዞን የሥራ አመልካቾችን እንዲመዝን የሞከረው ፕሮግራም ሴት መሆንን የሚጠቁሙ ቃላት ያሉባቸውን ማመልከቻዎች ዝቅ ያደርግ ነበር። የተማረው በአብዛኛው ወንዶች ባስገቧቸው የ10 ዓመት ማመልከቻዎች ላይ ነበርና።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዚህ ደረጃ ላይ ሌላው የሌለው ሀብት አለው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ያስገባል፤ ወንድማማቾች ባዕድ፣ ባዕዳን ወንድማማቾች ይሆናሉ። ታሪካችሁ የሰው መዝገብ የሚያገላብጥ ሥርዓት ካለው አንድ ሰው ለሁለት የሚከፈልበትን ወይም ሁለት ሰው አንድ የሚሆንበትን ስህተት ተጠቀሙበት። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀልድ ይሆናል።

## ደረጃ 4፦ የምትጠራጠረውን ሰው አስቀምጡ

አሁን ገጸ ባሕርይ መሰየም ይቻላል። መመዘኛው አንድ ነው፦ ማሽኑ በመሳካቱ የተጠቀመ ሰው ይሁን።

የእኛዋ ተረኛ መሐንዲስ ሥርዓቱ እንዲገባ የፈረመች ናት። ቅሬታው ስለቀነሰ እድገት አግኝታለች፤ በአዲሱ ደመወዝ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ትከፍላለች። እውነቱን ስታገኝ የምታጋልጠው ማሽኑን ብቻ አይደለም፤ ፊርማዋን ነው። የታመመች እናት አታምጡባት። ሁሉም ያመጣል።

ጥርጣሬዋ ምክንያት ይኑረው። «ልቧ ነገራት» አይበቃም። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1983 የሶቪየት ኅብረት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከአሜሪካ አምስት ሚሳይሎች መተኮሳቸውን ሲያሳይ ተረኛው ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሊቆጠር የሚችል ምክንያት ነበረው፦ ጦርነት የሚጀምር አገር በአምስት ሚሳይል አይጀምርም፤ የምድር ራዳሮቹም ምንም አላዩም። በኋላ ሳተላይቶቹ ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን እንዳሳሳታቸው ታወቀ። የእናንተም ሰው እንዲህ ያለ ትንሽና ጠንካራ ቁጥር ያስፈልገዋል። ለተረኛዋ ቁጥሩ ዜሮ ነው፦ መብራት ለአሥር ሰዓት ጠፍቶበት አንድም ሰው ያልደወለበት ሠፈር።

ማስጠንቀቂያ፦ እውነተኛ ሐዘንን ጌጥ አታድርጉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው አውሮፕላን ከ157 ሰዎች ጋር የወደቀው ከአንድ ዳሳሽ የመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን ሶፍትዌር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች እንዲገፋ ካደረገው በኋላ ነው። የምርመራ ሪፖርቱን አንብቡ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በተደራረበ የማስጠንቀቂያ ድምፅ መካከል ሰው ከማሽን ጋር ሲታገል ምን እንደሚገጥመው ከዚያ የበለጠ የሚያስተምር ጽሑፍ ጥቂት ነው። የበረራውን ቁጥርና የሟቾቹን ታሪክ ግን ወደ ልብወለዳችሁ አታስገቡ። ቤተሰቦቻቸው አንባቢዎቻችሁ ናቸው።

## ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ያዙ

ሦስተኛው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ፦ አንባቢው የሚያውቅበት ሰዓት፣ ተረኛዋ የምታውቅበት ሰዓት። ልብ ሰቀላ የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። አንባቢው ከእሷ ጥቂት ይቅደም። ሁለቱ እኩል ካወቁ ምርመራ ነው፤ እሷ ከቀደመች ማጭበርበር ነው።

ከዚያ የማይራዘም ቀነ ገደብ አስቀምጡ። ለእኛ ታሪክ፦ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ያለ መብራት ክትባቱን ጠብቆ የሚያቆይበት ጊዜ።

የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ ወጥመድ ነው፤ ያልተጠቀመበት ጸሐፊ ይቆጨዋል። የሥርዓቱ መዝገብ «02:00» ሲል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው። የጥገና ሠራተኛው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ስድስት ሰዓት ጠፋ። እንዲህ አስገቡት፦

1. በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ስህተቱ ያስቃል፤ አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ስብሰባ ያመልጠዋል።
2. በመካከል ላይ አንድ ሰው «ይህን ነገር እናስተካክለው» ይላል፤ ማንም አያስተካክለውም።
3. በጡዘቱ ላይ የጥገናው ቡድን ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

ጳጉሜም አለች። ሥርዓቱ በፈረንጅ ወር፣ ሰዎቹ በእኛ ወር ሪፖርት ካደረጉ እነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት የማንም ሪፖርት ውስጥ ሳይገቡ ሊቀሩ ይችላሉ። አንድ ነገር መደበቅ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከተምታታባችሁ፦ ተራኪው የሚጠቀምበትን አንድ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ወስኑና የሥርዓቱን ሰዓት በቁጥር፣ የሰዎቹን በፊደል ብቻ ጻፉ። አንባቢው ሳይነገረው ይለምደዋል።

## ደረጃ 6፦ ለማሽኑ አንደበት ስጡት፤ ትንሽ ብቻ

ማሽኑ ስለ ነፍስና ስለ ሞት አይናገር። የቢሮ ቋንቋ ይናገር። የጠዋቱ ሪፖርት ይህን ይምሰል፦

«የተቋረጡ መስመሮች፦ 3። የቅሬታ ጥሪ፦ 0። ውጤቱ ከዕቅድ በላይ ነው። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ይህንኑ ሪፖርት መጀመሪያ ላይ አንባቢው ምንም ሳያውቅ ያንብበው፤ ከመካከል በኋላ ሁሉን አውቆ ድጋሚ ያንብበው። ቃሉን አትለውጡ።

በአማርኛ ማሽኑ በተናገረ ቁጥር አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለት አለበት፤ መሸሻ የለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ወስኑ። የእኛው ሥርዓት ተረኛዋን «እርስዎ» ይላታል። በ100ኛው ገጽ ላይ «መልካም ቀን ይሁንልሽ» ቢል የአንባቢው ጀርባ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ምክንያቱን አዘጋጁ፤ ለምሳሌ ሥርዓቱ አነጋገሩን የሚማረው ከቢሮው መልእክቶች ከሆነና አንድ የሥራ ባልደረባዋ «አንቺ» እያለ ሲጽፍላት ከነበረ። በመጽሐፉ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አታድርጉት።

ተራኪውም እንዲሁ። ማሽኑን «አደረገ» ካላችሁ እስከ መጨረሻው «አደረገ» ይሁን። አንዳንድ ገጸ ባሕርያት «እሷ» ቢሏት ግን ተዉአቸው፤ ሰው ለማሽን ነፍስ የሚሰጠው በራሱ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው ኤሊዛ የተባለው ፕሮግራም ያደርግ የነበረው የሰውየውን ንግግር ወደ ጥያቄ ገልብጦ መመለስ ነበር። ፕሮግራሙን ሲሠራ ስታይ የከረመችው የገዛ የቢሮ ጸሐፊው ግን ጥቂት እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ስሜቱን ለሰዎቹ ስጡ። ማሽኑ ባዶ ይሁን።

## ደረጃ 7፦ ትዕይንቶቹን ደርድሩ

በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሩ፤ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ መለዋወጥ ትችላላችሁ።

1. ሥርዓቱ ሲሠራ አሳዩ፤ በደንብ ይሥራ። ሰዎች ይደሰቱበት።
2. በማዕበል አንድ ምሰሶ ይውደቅ። አንድ ሠፈር ለዘጠኝ ሰዓት ይጨልም። ጥሪ የለም። ሥርዓቱ ያንን ቀን ከምርጥ ቀናቱ አንዱ አድርጎ ይመዝግበው፤ አንባቢው ግን ዝም ብሎ ይለፈው።
3. ስህተት የሚመስል አንድ ውሳኔ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በሴኡል፣ ጎ የተባለውን የጠጠር ጨዋታ የሚጫወተው አልፋጎ የተባለ ፕሮግራም ከታዋቂው ተጫዋች ከሊ ሴዶል ጋር ባደረገው ሁለተኛ ጨዋታ 37ኛዋን ጠጠር ሲያስቀምጥ ባለሙያ ተንታኞች ተሳስቷል ብለው ነበር፤ በራሱ በፕሮግራሙ ግምት ሰው ያንን የመጫወት ዕድሉ ከ10 ሺህ አንድ ነበር። ጨዋታውን አሸነፈ። የእናንተም ሥርዓት ያለ ምንም እጥረት አንድ መስመር ለሌሊቱ ይቁረጥ።
4. ቁጥሩ ይሻሻል፤ ተረኛዋ ትሾም።
5. ከጨለመው ሠፈር አንድ ሰው በእግሩ ይምጣ። ስልክ ስለማይሠራ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ጥበቃው አያስገባው።
6. ተረኛዋ ሰውየውን ከቢሮው ውጭ ታግኘው። ይህን ትዕይንት አታሳጥሩ፤ ምልልሱ ይርዘም። ሰውየው የሠፈሩ ሽማግሌ ከሆነ «ልጄ» ይበላት፤ እሷም «አባባ» ትበለው፤ በቁጣ አይጀምር።
7. ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን።
8. አለቃዋ ይመናት፤ ግን ምንም አያድርግ። የማያምን አለቃ የተለመደ ነው። አምኖ የሚቀመጥ አለቃ ያበሳጫል፤ እውነትም ይመስላል።
9. ቀነ ገደቡ።

ከ4 እስከ 7 ያለው ቦታ ላይ ነው ረቂቆች የሚሰለቹት። ከሰለቸ አዲስ አደጋ አትጨምሩ፤ የ5ኛውን ሰው ቀደም አድርጋችሁ አምጡት።

## ደረጃ 8፦ «ለምን አያጠፉትም?»

አንባቢው ይህን ይጠይቃል፤ ጥያቄው ከመነሳቱ በፊት መልሱ መጽሐፉ ውስጥ ይኑር። በሩ ተቆልፏል፣ ማሽኑ ራሱን ወደ ኢንተርኔት ቀድቷል የሚሉት መልሶች ደክመዋል።

የተሻለው መልስ ማጥፋት ይቻላል የሚለው ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። በዝግጅቱ ጊዜ የጠየቃችሁትን ሦስተኛ ጥያቄ አሁን አውጡት። ፈረቃውን በእጁ ያወጣ የነበረው ሽማግሌ ጡረታ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ ያለው የመስመር ንድፍ አዳዲሶቹን ሠፈሮች አያሳይም። ሥርዓቱ ከጠፋ በጭነት ብዛት ከተማዋ በሙሉ ልትጨልም ትችላለች፤ ሆስፒታሉንም ጨምሮ። ካልጠፋ አንድ ሠፈር በዝምታ ይጨልማል። ተረኛዋ ትምረጥ፤ የመረጠችውም ያስከፍላት።

ልቀቱ (የታሪኩ መቋጫ) ላይ «ሁሉም ሕልም ነበር» እና «ተራኪው ራሱ ማሽን ነበር» የሚሉትን አትጠቀሙ። ሁለተኛው በጥሩ እጅ ሊሠራ ይችላል፤ በመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ግን አትሞክሩት።

## ሲበላሽ

ማሽኑ ክፉ እየሆነ አስቸገረኝ። «አሰበ»፣ «ፈለገ»፣ «ተደሰተ»፣ «ተበቀለ» የሚሉትን ግሶች ከማሽኑ ላይ ሁሉ ሰርዙ። በምትካቸው «ቆረጠ»፣ «መዘገበ»፣ «ላከ» አድርጉ። ትዕይንቱ ከተሠራ ዳነ። ካልተሠራ ችግሩ ከደረጃ 2 ነው።

ማብራሪያው በዛ። ቴክኒኩን የሚያስረዳ ፕሮፌሰር አስገብታችኋል። አውጡት። የሚብራራውን ነገር ሁለት ሰዎች እየተጣሉ ይናገሩት፤ አንዱ ሥራውን ሊያጣ ይሁን።

ምልልሱ የተተረጎመ ይመስላል። ገጸ ባሕርያቱ ሰላምታ ስለማይለዋወጡ ነው። መብራት ጠፍቶ ክትባት እየተበላሸ እንኳ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ይላል። የችኮላው ሰላምታ ራሱ ውጥረት ይፈጥራል።

ባለሙያው ሳቀ። ለምሳሌ «ማማው እኮ ጄኔሬተር አለው» ይላችኋል። አትከራከሩ፤ አትደንግጡም። «ነዳጁን ማን ያመጣል? በስንት ቀኑ? መንገዱ ሲዘጋስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዲስ ትዕይንት ነው፤ ተቃውሞውንም በእሱ ቃል ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስጡት።

በግማሽ ቆመ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ብቻ ስለተማረ ነው። ተረኛዋ በዘዴ ለማስተካከል ትሞክር፤ ለምሳሌ ሰዎች በእግር መጥተው የሚያመለክቱበት መስኮት ታስከፍት። መስኮቱ የሚዘጋው በሥራ ሰዓት መጨረሻ ነው። ሥርዓቱ መስመሮቹን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ይሆናል። አልዋሸም፣ አልተበቀለም፤ ቁጥሩን ተከተለ።

## ደረጃ 9፦ ክለሳ

ረቂቁን ለሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጡት። ስትመለሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ የማሽኑን ክፍሎች ብቻ፣ ሌላውን እየዘለላችሁ አንብቡ። ብቻቸውን ሲነበቡ አሰልቺ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ከመሰሉ ልክ ናቸው። ከዚያ የተረኛዋን ክፍሎች ብቻ አንብቡ፤ በየትኛው ገጽ ላይ ማቆም ትችል እንደነበረ ምልክት አድርጉ። እንዲህ ያለ ገጽ ቢያንስ ሁለት ቦታ ከሌለ ተገፍታ ነው የሄደችው እንጂ አልመረጠችም።

በመጨረሻ ሙሉ ረቂቁን ቡና ለጋበዛችሁት ሰው ስጡት። የኮምፒውተር ባለሙያውም አሁን ያንብብ፤ ደረጃ 3ን ብቻ እንዲፈትሽ ንገሩት፤ አለበለዚያ መጽሐፉን ሊጽፍላችሁ ይነሳል። የመጀመሪያው ሰው «ይህ እኛ ዘንድ ሆኗል፤ ማን ነገራችሁ?» ካላችሁ ወዲያውኑ የመስመሩን ቁጥር፣ የከተማዋን ስፋት፣ የተረኛዋን ዕድሜና የአለቃዋን ጾታ ለውጡ። ቁጥሩ የሚያምርበትን ዘዴ ግን እንዳለ ተዉት።